ወሬው ያልተቋረጠበት በርሜል

ኢጂኖ ማርኪዮሪ በዕድሜው ውስጥ ቸኩሎ የሠራው ነገር ቢኖር መወለድ ብቻ ነው ይባላል። እናቱ የወይን መልቀሚያ ቅርጫቷን ሳታስቀምጥ፣ ቀኑም ሳይደርስ፣ እዚያው እርከኑ ላይ ከተፍ አለ። ከዚያ ወዲያ ግን ያንን አንድ ችኮላ ለማካካስ የተሳለ ይመስል ከሁሉ ነገር ዘገየ። ከትምህርት ቤት ዘገየ፤ ከቅዳሴ ዘገየ፤ ከጦርነቱ እንኳ የተመለሰው እኩዮቹ ተመልሰው፣ አግብተው፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ክርስትና ካስነሡ በኋላ ነው። እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ እያለቀሰች «የት ቆየህብኝ?» ብትለው፣ «በእግሬ ነው የመጣሁት እማዬ፤ መንገዱ ደግሞ ያምር ነበር» አላት።

ለእንዲህ ያለ ሰው በሌላው ዓለም ምን ሥራ እንደሚሰጠው እንጃ። በጣሊያን፣ ከቬሮና ከተማ በላይ ባለችው በቬንቶሳ መንደር ግን በልኩ የተሰፋ ሥራ ነበረው፤ ወይን ማስተኛት።

በእኛ ኮረብቶች ደኅና ወይን ከተክሉ ተቆርጦ በቀጥታ ወደ መጭመቂያ አይወርድም። ለቃሚው ከዘለላው ራስ ላይ በግራና በቀኝ ወጣ ያሉትን፣ ፀሐይ የጠገቡትን ሁለቱን ክንፎች ብቻ ይመርጣል። እኛ «ጆሮ» እንላቸዋለን፤ የወይን ጠጁም ስም የወጣው ከዚሁ ከጆሮ ነው። ጆሮዎቹ ወደ ቆጥ ይወጡና፣ በአያቶቻችን ዘመን የሐር ትል ይረባበት በነበረው የሸምበቆ አልጋ ላይ፣ ሳይነካኩ፣ ጎን ለጎን ይጋደማሉ። የገና በዓል አልፎ ብርዱ አጥንት እስኪሰብር ድረስ ይተኛሉ። እየተኙ ይከሳሉ፤ እየከሱ ይጣፍጣሉ። በሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን አልታየም።

የአስተኚው ሥራ መስኮት መክፈትና መዝጋት ነው። ከሐይቁ በኩል ደረቅ ነፋስ ሲነሣ ይከፍታል፤ ከአዲጄ ወንዝ ጉም ሲወጣ ይዘጋል። ጉም አንድ ጊዜ ከገባ ወይኑ ይሻግታል፤ የዓመቱ ድካምም ለአሳማ ይሆናል። ኢጂኖ በሌላው ጉዳይ ሁሉ የሚዘገየውን ያህል በዚህ አይዘገይም ነበር። ከሸምበቆዎቹ ሥር ጀርባውን ዘርግቶ ይተኛል፤ ጉሙ ገና ከሸለቆው ሥር የጥጥ ቁራጭ መስሎ ሲንሳፈፍ፣ ዐይኑን ሳይገልጥ ተነሥቶ መስኮቶቹን ይገጥምና ተመልሶ ይጋደማል። ወይኖቹ በላዩ ይተነፍሳሉ። የደረቀ ጽጌረዳ፣ የድርቆሽ፣ የቆየ መጽሐፍ ጠረን ይወርድበታል። አንዳንዴ የተኛው እርሱ ይሁን ወይስ እነርሱ፣ ማን ማንን እንደሚያስተኛ ይጠፋዋል። አንድ ቀን በሕልሙ ራሱን እላይ አልጋው ላይ ጥቁርና ጭምድድ ብሎ አገኘው፤ ሥሩም አንድ ትልቅ የወይን ዘለላ ባርኔጣ አድርጎ፣ መስኮት እየከፈተለት። አልደነገጠም። «ነፋሱ ጥሩ ነው፤ አመሰግናለሁ» ብሎት እንቅልፉን ቀጠለ።

እናቱ ከሞተች በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ኢጂኖ ከተፈጥሮው ቃል የሚያባክን ሰው አልነበረም፤ የሚያወራውን እናቱ ታወራለት ነበር። ቀድሞ ከምድጃው ዳር፣ ከዶሮው ቤት፣ ከጓሮው ሳይቋረጥ ይፈስ የነበረው ድምፅ ሲቆም፣ ሰውየው የወፍጮ ድምፅ ሲቆም እንደሚነቃ ወፍጮ ጠባቂ ሆነ፤ ከዝምታው የተነሣ እንቅልፍ አጣ።

በቬንቶሳ ደግሞ ዝምታን የማታውቅ አንዲት ሴት ነበረች። ዶዞሊና ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌዋ ከምላሷ ኋላ ይደርሳል ይሏታል። ባሏ ፕሪሞ በቤልጅግ የከሰል ጉድጓድ ሠርቶ በሳንባ በሽታ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ የመንደሩ ፌዘኞች «ምስኪን፣ ጸጥታ ፍለጋ እኮ ነው ከመሬት በታች የወረደው» ይላሉ። እርሷም ይህን ትሰማለች። ሰምታም ትስቃለች፤ ከሳቀች በኋላ ግን ጥቂት ዝም ትላለች። ይህችን ጥቂት ዝምታ ያስተዋለላት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም አስተዋለ እንጂ ምንም አላለም።

አንድ መከር ላይ ለቆጡ መስኮቶች የፀሐይ መከለያ ልትሰፋ መጣች። ከማለዳ እስከ አመሻሽ ሸምበቆው መካከል ተቀምጣ ሰፋች፤ እየሰፋችም የእኅቷን ጋብቻ፣ የቄሱን ጥርስ፣ ከጎረቤት ጓሮ ጠፍታ የነበረችውን የአክስቷን ዶሮ አወራች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀና ብላ አየችው። ዐይኑን ጨፍኗል።

«እንዴ! ተኝተህ ነው እንዴ ቀኑን ሙሉ ለግድግዳ ሳወራ የዋልኩት?»

«አልተኛሁም» አለ ኢጂኖ፣ ዐይኑን ሳይገልጥ። «ከዚያስ ዶሮዋ ምን ሆነች? ቄሱ መጡና ጥርሳቸውን ስታነሺ ተውሻት።»

ዶዞሊና ክሯን በጥርሷ በጠሰች። የዶሮዋን ነገር ጨረሰችለት። ወደ ቤቷ ስትወርድ ግን በመንገድ ላይ ለማንም ምንም አላወራችም፤ ይህም በመንደሩ ለሳምንት መነጋገሪያ ሆነ።

ኢጂኖ ሊያገባት የወሰነው ያን ዕለት ነው። ይህን ለራሱ ለመንገር ሌላ አንድ መከር ፈጀበት። በቬንቶሳ ሴት የሚጠይቅ ወንድ፣ ወጣት ይሁን ሽማግሌ፣ ሴቲቱም ልጃገረድ ትሁን ባሏ የሞተባት፣ በእጁ የጠመቀውን ጣፋጭ የጆሮ ወይን ይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ የቤቱ ታላቅ ይቀምሳል፤ ጣፋጭ ከሆነ ሴቲቱ ትቀምሳለች፤ ብርጭቆውን ከጨረሰችው ነገሩ አለቀ። ጠያቂው ራሱ ግን አስቀድሞ አይቀምስም። የጥያቄ ወይኑን የሚቀምስ ወንድ ነገ ሚስቱን ይጠራጠራል ይባላልና።

ስለዚህ በዚያ ዓመት በጥር ብርድ፣ ከቆጡ ኮርቪና የሚባለውን ምርጥ የወይን ዘር አወረደ፤ ቁራ ማለታቸው ነው፣ ከጥቁረቱ የተነሣ። በእግሩ ረገጠው፤ በአንዲት ትንሽ በርሜል ጠመቀው፤ ከአልጋው ማዶም አኖራት። ወይኑ በቅዝቃዜው ትንሽ ፈላና ጣፋጩን እንደ ታቀፈ ጸጥ አለ። እስከዚህ ድረስ ነውር የለበትም።

የቼሪ ዛፎች ሲያብቡና ነፋሱ ለስለስ ሲል በርሜሏ ማጉረምረም ጀመረች። ይህ በያመቱ የሚሆን ነው። ሙቀት ሲመጣ ወይኑ ይነቃና የቀረውን ጣፋጭ ሊበላ ይነሣል። ጆሮውን በርሜሉ ላይ የደፋ ሁሉ ያንን ድምፅ ያውቃል፤ ከሰማም ያንኑ ዕለት ወይኑን ከአንቡላው ለይቶ፣ በድኝ ጢስ ወደ ታጠነ ሌላ በርሜል ይገለብጠዋል። ያኔ ዝም ይላል። ይህን በቬንቶሳ የማያውቀው ገና ያልተወለደ ልጅ ነው።

ኢጂኖም ጆሮውን ደፋ። ሰማ። ቡል፣ ቡል፣ ሽሽሽ፤ ከዚያ ትንሽ እረፍት፤ ከዚያ እንደ ገና፣ አንድ ነገር ትዝ ብሏት እንደምትመለስ ሴት። ድኙን አነሣ። ድኙን አስቀመጠ። «ነገ እገለብጠዋለሁ» አለ።

በማግስቱ ወንበር አምጥቶ በርሜሏ አጠገብ ተቀመጠ። የበቆሎ ገንፎውን እዚያው በላ። በርሜሏ እያወራች አሸለበው፤ በሕልሙም እናቱ ከጓሮ ሆና ስለ ሽንኩርት ትነግረዋለች፤ ድምፁ ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ድምፅ ይዞራል፤ ክርም በጥርስ ሲበጠስ ይሰማል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪጠግብ ተኛ። እናም ነገ በየቀኑ ነገ ሆነ። ቼሪው አበበ፣ ፈራ፣ ተለቀመ። በጋው ገባ፤ ፌንጣዎቹ እርከኑን በጩኸት ሞሉት፤ በርሜሏም ከእነርሱ ጋር አወራች። የወይን ቅጠል ሲቀላ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየራቀ ሄደ፤ አንድ ቀንም ኢጂኖ ጆሮውን ቢደፋ ምንም የለም። «ጨረሰች» አለ፤ ባርኔጣውን አንሥቶም ወደ ቆጡ ወጣ፤ አዲሶቹ ጆሮዎች ይጠብቁት ነበርና።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በርሜል ሠሪው ፋውስቲኖ እየጮኸ ደረጃውን ወጣ። ፋውስቲኖ ጎረቤቱም፣ ጓደኛውም፣ የሚያላግጥበትም ሰው ነው።

«አንተ የወይን ሞግዚት! ተነሣ! ዶዞሊና ልትሄድብህ ነው!»

«ወዴት?»

«ቬሮና፣ እኅቷ ዘንድ። አከራይዋ ቤቱን ለልጁ ፈልጎታል። አክስቷንም ይዛ ነው የምትሄደው።»

«መቼ?»

«መቼ ይሆናል? ሰው ቤት የሚለቀው መቼ ነው? በቅዱሱ በሳን ማርቲኖ በዓል ዕለት ነዋ!»

ኢጂኖ አሰበ። «ሳን ማርቲኖ መቼ ነው?»

ፋውስቲኖ ባርኔጣውን አውልቆ ወለሉ ላይ ጣለው። «ነገ ነው አንተ ሰው! ነገ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማህም? አንተ ደግሞ ብሰህ፣ የቆጡን እንኳ ሳታወርድ ነው የብብትህን የጣልከው!»

በማግስቱ ማለዳ ጉም ነበር። በሸለቆው መንገድ የሚያልፉት ጋሪዎች አይታዩም፤ ድስት ከድስት ሲጋጭ፣ አልጋ ሲንቋቋ፣ የታሰረች ዶሮ ስትንጫጫ ብቻ ይሰማል፤ መንደሩ ራሱ ጠቅልሎ ወደ ሰማይ የሚሰደድ ይመስል ነበር። ኢጂኖ የቆጡን መስኮቶች ገጥሞ፣ የእሑድ ኮቱን ለብሶ በርሜሏን ሊቀዳ ተንበረከከ። ፋውስቲኖ ግን ብርጭቆውን ቀማው።

«አንተ አትቀምስም፤ ሕግ ነው። እኔን የከለከለ ሕግ የለም።» ተጎነጨ። ፊቱ መጀመሪያ ረዘመ፤ ቀጥሎ ዐይኑ ጠበበ። «ኢጂኖ... አምልጧል!»

ያመለጠ ወይን ማለት በእኛ አገር ጣፋጩ በሩን ከፍቶ የወጣ ማለት ነው። ጠማቂው ተኝቶ፣ ወይኑ ሳይከለከል ስኳሩን ሁሉ በልቶ፣ ማር የነበረው መራራ ሲሆን ነው። ለሠርግ አይቀርብ፣ ለእንግዳ አይቀርብ፤ ባለቤቱ በር ዘግቶ ብቻውን ይጠጣዋል። ቃሉንም ሰው የሚለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

«ይህንን ይዘህማ አትሄድም» አለ ፋውስቲኖ። ሮጦ ከቤቱ የራሱን ጠርሙስ አመጣና ኮቱ ኪስ ውስጥ ወተፈለት። «የኔ ነው፤ ማር ነው። ዝም ብለህ ቅዳ፤ ዝም ማለቱን እንደሆነ ታውቅበታለህ።»

ኢጂኖ የራሱን ጠርሙስ ሞላ፤ በሌላው ኪሱ ከተተ። ጉሙን እየቀዘፈ ወረደ።

ከዶዞሊና ደጅ በቅሎዋ ጋሪው ላይ ተጠምዳ ቆማለች። የስፌት መኪናው በመጋረጃ ተጠቅልሎ እንደ ሕፃን ከፍራሾቹ መካከል ተቀምጧል። ዕቃ ከወጣለት ክፍል ውስጥ አክስት ቴክላ በመጨረሻዋ ወንበር ላይ ተሰይመዋል፤ ጥርስ የላቸውም፣ ዐይናቸውም ደክሟል፤ የጣፋጭ ፍቅራቸው ግን የአምስት ዓመት ልጅ ነው።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ አክስት ቴክላ፣ ኢጂኖ። እንደምን አደሩ?»

«ኢጂኖ? አንተ ከደረስክ እንግዲያ የምንሄድበት ቀን አልፏል ማለት ነው። ቁጭ በል እንዳልልህ ወንበሩ ይችው ብቻ ናት።»

ዶዞሊና በእጇ የመጥበሻ ክምር ይዛ ከጓዳ ወጣች። እያወራች ነበር የወጣችው፤ ስለ ገመዱ፣ ስለ በቅሎዋ፣ የቬሮናው ቤት ደረጃ ስለ መብዛቱ። የእሑድ ኮቱን ስታይ ወሬው ቀስ እያለ ሄዶ ቆመ። በኅዳር፣ በሥራ ቀን፣ ኮትና ጠርሙስ፤ በቬንቶሳ ይህ ማብራሪያ አይሻም።

ኢጂኖ እጁን ኪሱ ከተተ። ለምን ያንኛው ኪስ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ስንጠይቀው «እጄ ቀድሞ ደረሰ» ይላል፤ ሰውየው ቀድሞ የደረሰበት ሁለተኛው ነገር ይህ ነው። ዶዞሊና ከድርቆሽ ውስጥ ሁለት ብርጭቆ መዝዛ አቀረበች። አክስት ቴክላ ተቀበሉ፤ ቀመሱ፤ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ጣፋጭ ነው።»

ኢጂኖ ወለሉን አየ።

«በጣም ጣፋጭ ነው» አሉ ቀጥለው። «ግን ይሄ የፋውስቲኖ ቤት ወይን ነው። የቼሪ እንጨት በርሜላቸው ነው እንዲህ የሚያደርገው። አባትየው ያኔ እኔን ሊጠይቅ ይዞት መጥቶ ነበር፤ ወይኑን ጠጥቼ ሰውየውን መለስኩት። አሁን የሚያገባሽ ፋውስቲኖ ነው እንዴ ልጄ? እሱ ሚስት አለው አይደል?»

«ኢጂኖ» አለች ዶዞሊና።

ሁለተኛውን ጠርሙስ አወጣ። ጆሮው እስከ ጫፉ ቀላ። ቀዳ። ወይኑ ጥቁር ቀይ ነበር፤ ብርጭቆው ውስጥ ማለዳው የጨለመ ይመስላል። አክስት ቴክላ ቀመሱና ፊታቸው እንደ ቆጥ ወይን ተጨማደደ።

«ኧረ እመ አምላክ! ይሄማ አመለጠ! ልጄ፣ በቅሎዋን ንጂ!»

ዶዞሊና አልተንቀሳቀሰችም። «መጉረምረሙን አልሰማህም ኢጂኖ? ጆሮህን አልደፋህም?»

«ደፍቻለሁ።»

«ሰምተሃል?»

«ከቼሪው አበባ እስከ መከር ድረስ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልገለበጥከውም? ይህን እኮ ሕፃን ያውቀዋል!»

ኢጂኖ ጠርሙሱን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ውጭ በቅሎዋ ሰኮናዋን መታች።

«ወሬ እያወራ ነበር» አለ። «ማቋረጡ ነውር መሰለኝ።»

  ዶዞሊና መጥበሻዎቹን ባዶው ወለል ላይ አንድ በአንድ አስቀመጠች።

«ፕሪሞ እኔን ሊጠይቅ ከመንደሩ ሁሉ ጣፋጩን ወይን ነበር ይዞ የመጣው» አለች፤ ለማንም የምትናገር አትመስልም። «አክስቴ ሁለት ጊዜ አስቀድታለች። ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ግን ወሬ በጀመርኩ ቁጥር 'በቃሽ' ነበር የሚለኝ። ሳይቆጣ እኮ ነው። እንዲያው፣ በር እንደሚገፋ ሰው፣ 'በቃሽ'።»

ብርጭቆውን አነሣች። ቀመሰች። ግንባሯ ተቋጠረ። እንደ ገና ቀመሰች፤ ያን ጊዜ መራራው ገለል አለላትና ከበስተኋላው ሌላ ነገር መጣ፤ ምድጃ ዳር የደረቀ ቼሪ፣ መራራ ለውዝ፣ የቆጡ ጠረን፣ ዘግይቶ የሚደርስ ሙቀት። ጣፋጩ ሄዷል፤ ትዝታው ግን አልሄደም። ብርጭቆውን ዘቅዝቃ እስክታሳየው ድረስ ጠጣችው።

«ይሄ ምን ጉድ ነው?» አሉ አክስት ቴክላ። «መራራ ነው እኮ አልኩሽ!»

«መራራ ነው አክስቴ። የፈለገውን ተናግሮ የጨረሰ ሰው ጣዕሙ እንዲህ ነው። ተነሺ፣ ወንበሯን ልጫናት።»

ጋሪው ወደ ታች፣ ወደ ቬሮና መንገድ ዞሮ ቆሞ ነበር። ጠባብ መንገድ ላይ ጋሪ ማዞር ቀላል አይደለም፤ ፋውስቲኖ፣ ለካ ከአጥሩ ሥር አድብቶ ኖሯል፣ ወጥቶ መንኮራኩሩን ገፋ። ጉሙ ገና አልተነሣም። እነዚያ የሚሰደዱት ጋሪዎች ሁሉ ወደ ሸለቆው ሲወርዱ አንዲት ጋሪ ብቻ ወደ ላይ፣ ወደ እርከኖቹ ወጣች፤ አትታይም፤ የዶዞሊና ድምፅ ግን ከፍ እያለ፣ ስለ ገመዱ፣ ስለ በቅሎዋ፣ የማትወጣቸው የቬሮና ደረጃዎች ስለ መብዛታቸው ሲናገር ይሰማ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ኢጂኖ በያመቱ አንዲት በርሜል ሳይገለብጥ ይተዋል። በመጀመሪያ ሳቅንበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ያልጠበቅነው ነገር ታየ፤ ሰው በስጋ ወጥና በቆየ አይብ ቀን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከዚያ ካመለጠው ትንሽ አለህ?» እያለ ደጁን ያንኳኳ ጀመር። አክስት ቴክላ እስኪሞቱ ድረስ ስኳር ጨምረው ነው የጠጡት።

ፋውስቲኖም አልተወውም። አንድ የበጋ ከሰዓት፣ ዶዞሊና ከመስኮቱ ማዶ እየሰፋች፣ ማንም ያላስታወሰው የአንድ ሠርግ ነገር ስታወራ፣ ወደ ኢጂኖ ጆሮ ጠጋ አለ።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ይኸው ስንት ዘመን። አልሰለቸህም?»

ኢጂኖ ከተጋደመበት ዐይኑን ሳይገልጥ እጁን አነሣ፤ ዝም በል ሊለው ነው።

«ቆይ» አለ። «ሙሽራው ገና አልመጣም።»